የጣና ልጅ በዲሴፕሽን ፓስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደወለልኝ አብሮ አደጌ «አንተ መቼም የጣና ልጅ ነህ፤ የአሜሪካ ባሕር ምን ይገድሃል?» ሲለኝ ዝም አልሁ፤ ወደ ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እኔው ራሴ ለሥራ ባልደረቦቼ ይህንኑ ብያቸው ነበርና። አሜሪካዊ ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን ያምናል፤ በዊድቤይና በፊዳልጎ ደሴቶች መካከል ያለውን ዲሴፕሽን ፓስ የተባለ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ካያክ በምትባል ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ለማለፍ ሲነሡ፣ ሰዓቱን እንድመርጥ ለእኔ ተዉልኝ።

እኔም ባሕሩ በየዕለቱ ሲሞላና ሲጎድል የውኃውን ከፍታ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አየሁና «ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ይቆማል» ብዬ ሰዓቱን ቆረጥሁ። በዚያ ሰርጥ ፍሰቱ የሚቆምበት ሰዓት ግን ከሙላቱ ሰዓት ጋር አይገጥምም፤ ሲበረታም እስከ 8 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ቀዛፊ ደግሞ ከ3 ኖት ብዙም አያልፍም። ስንደርስ ውኃው ከጢስ ዓባይ ሥር እንዳለው ይፍለቀለቅ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ፊት እየቀዘፍሁ ወደ ኋላ ስሄድ፣ በላይ ካለው ድልድይ አንድ ጎብኚ እጁን እያውለበለበ ፎቶ አነሣኝ።

ጥግ ይዘን ስንጠብቅ፣ በዕድሜ የምትበልጠን ባልደረባችን አንዲት የቁጣ ቃል ሳትናገር የፍሰቱን ሠንጠረዥ አውጥታ ፊደል እንደምታስቆጥር አስረዳችኝ። እንደ አገሬ ሰው ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሠንጠረዡ በየዕለቱ ውኃው የሚቆምበትን ሰዓት፣ የሚበረታበትን ሰዓት፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ይሰጣል፤ ከመቆም እስከ መበርታት 3 ሰዓት ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ የፍጥነቱ ግማሽ፣ በሁለተኛው መጨረሻ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ ደርሷል። ስለዚህ ጣሪያው 6 ኖት በሆነበት ቀን አንድ ሰዓት ያረፈደ ሰው ጉልበቱን ከሚተካከል ፍሰት ጋር ይፋጠጣል። የታተመው ሠንጠረዥ በመደበኛው ሰዓት ከሆነ፣ እዚህ ሰዓት ወደ ፊት በሚገፋባቸው የአሜሪካ የበጋ ወራት አንድ ሰዓት መጨመር ያስፈልጋል፤ ከንጋት ጀምሮ ለምንቆጥረው ለእኛማ ሌላ የስድስት ሰዓት ሂሳብ አለብን።

ወደዚህ የምትመጡ ወገኖቼ፣ «ትችላላችሁ?» ስትባሉ ይሉኝታ ይዟችሁ «እንዴታ!» አትበሉ፤ ያምኗችኋልና።

አብሮ አደጌ ግን፣ ውኃው በአብዛኛው በቀን አራት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል ስለው፣ «ስደት ውሸት አስተማረህ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።