የ60ዎቹ ስቱዲዮ በኮንዶሚኒየም ሳሎን

ጎፈሬ፣ ቤል ቦተም፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከጀርባ በቀለም የተሳለ ደረጃ። ከየቤቱ አልበም ውስጥ ይህን የመሰለ የድሮ ስቱዲዮ ፎቶ አይጠፋም። እህቴንና ጓደኞቿን በዚያው ስታይል ላነሳ ብዬ ሰሞኑን ሳሎናችንን ስቱዲዮ አድርጌዋለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ጊዜዬን የበላው ባክግራውንዱ ነው። አቡጀዲ ገዛሁ፤ ወርዱ ስላልበቃ ሁለት አጥፍ ገጥሜ አሰፋሁትና እንጨት ላይ ወጥሬ መታሁት። ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፤ አለዚያ ጨርቁ ቀለሙን ይጠጣዋል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ የግድግዳ የውሃ ቀለም፣ ግራጫ ከትንሽ ሰማያዊ ጋር። ብሩሹን ተዉትና በእርጥብ ስፖንጅ ደባብሱት። መሃሉ ፈካ፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ይበል፤ ፊት ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ መሳል ትርፍ ድካም ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 2.8 ላይ (የሌንሱ ቀዳዳ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ማለት ነው)፣ የሚነሳው ሰው ከጨርቁ ሜትር ተኩል ያህል ሲርቅ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ጭምድዱም ይለዝባል፣ ጥላውም ጨርቁ ላይ አያርፍም። ሳሎኔ ጠባብ ነው የምትሉ ሶፋውን ኮሪደር አውጡት። እኛ ቤት ዜና የሚታየው በቁም ነው።

ጨርቅና ቀለም ለመግዛት እጅ ያጠረው የማሊውን ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት የመጀመሪያ ባክግራውንዱ የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። አብዛኛውንም የሚያነሳው ግቢው ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ነው። ጨርቁን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር ኋላ ላይ ፎቶዎቹ መቼ እንደተነሱ የለየው በጀርባቸው ነው።

ላይት አልገዛሁም። መስኮቱ ላይ ነጠላ ዘርግቼ፣ በሌላው ወገን ብርሃኑን እንዲመልስልኝ ፎይል የለበሰ ካርቶን አቆምኩ። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

ዕቃዎቹ ላይ ግን ቆጥቡ። ዕቃ የሚያስፈልገው ለእጅ ነው ባይ ነኝ፤ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ባለ ክብ መደወያ ስልክ ከካርቶን ሠራሁ። የካርቶኑ ጠርዝ እንዳያጋልጠው በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት፣ ክቡን ከአሮጌ ሲዲ አወጣሁ፣ በማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ ቀባሁት። ገመዱ የተበላሸ ቻርጀር ነው። እርሳስ ላይ ጠምጥሜ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩትና እስኪቀዘቅዝ ተውኩት። እርሳሱን ስስበው ተጠቅልሎ ቀረ! እህቴ ይህን ስልክ ስትይዝ ትከሻዋ ሁሉ ተፈታ።

የፖዙ ዳይሬክተር እማዬ ናት። ከኩሽና ብቅ ብላ «ሰዓትሽስ? እጅጌሽን ሰብሰብ አድርጊው እንጂ!» አለቻት። በእነሱ ጊዜ ሰዓት ያሰረ ሰው ሰዓቱ ካልታየ ፎቶ ተነሳ አይባልም ነበር አሉ። «ደግሞ አትሳቂ። እኛ ከፍለን ነው የምንነሳው፣ ማን ይስቃል?» እውነቷን ነው፤ ጥርስ የታየባቸው ፎቶዎች ሁሉ የዛሬ ሆነው ነው የወጡት። ኮስተር ያሉትን መረጥኩ።

ቀጥሎ ጥቁርና ነጩን ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ላይ አሳትሜ ጉንጭና ከንፈሩን በእጅ ቀለም ልቀባ አስቤያለሁ። በኢንክጄት (ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) የታተመ ፎቶ ግን ውሃ ሲነካው ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ በባለቀለም እርሳስ እሞክረዋለሁ። አቡጀዲውን ደግሞ ሳላጥፈው ቧንቧ ላይ ጠቅልዬ አልጋ ስር ከትቼዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እግሬን እየመታኝ ነው።