ከጠቅላላው የማግኔት መስክ ኮምፖነንት ማውጣት
«ያለኝ ጠቅላላው መስክ ብቻ ነው፤ ዜድን (ወደ ታች ያለውን ክፍሉን) እንዴት ላውጣ?» የማግኔት ዳታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የሚወሰነው መሣሪያው በለካው ነገር ነው።

እንደ ፍላክስጌት ያለ ሦስቱንም አቅጣጫ የሚለካ ከሆነ ሥራው ትሪጎኖሜትሪ ነው። የመስኩ ሦስት ኮምፖነንቶች (ክፍሎች) እነዚህ ናቸው፦ ኤክስ ወደ ሰሜን፣ ዋይ ወደ ምሥራቅ፣ ዜድ ወደ ታች። ኤክስና ዋይ አግዳሚውን ኤች ይሰጣሉ፣ ኤችና ዜድ ደግሞ ኤፍን፣ ማለትም የጠቅላላውን መስክ መጠን። ዲክሊኔሽን (አግዳሚው መስክ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጥበትን ማዕዘን) ስታሰሉ ግን ዋይንና ኤክስን ለየብቻ የሚቀበለውን አርክታንጀንት ተጠቀሙ፤ ተራው ምልክቱን ስለሚያጣ አቅጣጫውን በ180 ዲግሪ ሊገለብጥባችሁ ይችላል። ዜድን ወደ ላይ ፖዘቲቭ የሚያደርግ ሶፍትዌርም አለ፣ ቀድማችሁ አጣሩ።

ፕሮቶን ወይም ሲዚየም ማግኔቶሜትር የሚሰጠው ኤፍን ብቻ ነው። ከኤፍ ላይ የምድርን ዋና መስክ ስንቀንስ የሚቀረውን አኖማሊ ብዙ ሰው የአኖማሊው ቬክተር ርዝመት ያደርገዋል። አይደለም! ቬክተሩ በምድር መስክ አቅጣጫ ላይ የሚጥለው ጥላ ነው። ማግኔታዊ ዋልታ አካባቢ ከዜድ ጋር ይቀራረባል፣ ማግኔታዊ ወገብ ላይ ደግሞ ከአግዳሚው ጋር። ይህም የሚሠራው አኖማሊው ከዋናው መስክ በጣም ሲያንስ ነው። በ50,000 ናኖቴስላ መስክ ውስጥ 500 ናኖቴስላ ጎን ለጎን ቢመጣ ስህተቱ 2.5 ገደማ ነው፣ ችግር የለውም። 5,000 ቢሆን ግን 250 ይደርሳል፣ የብረት ማዕድን ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል።

ታዲያ ከአንድ ነጥብ አንድ ቁጥር ሦስት ኮምፖነንት አይወጣም። ከሙሉ ካርታ ግን ይወጣል፣ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ከምንጮቹ ውጭ ያለው መስክ የላፕላስን እኩልታ ስለሚታዘዝ ኮምፖነንቶቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ካርታውን በፉሪየር ትራንስፎርም ወደ ዌቭነምበር (ሞገዶች በርቀት ምን ያህል እንደሚደጋገሙ ወደሚያሳየው መልክ) ትወስዱታላችሁ፣ ከዋናው መስክ ኢንክሊኔሽን (ከአግድም ወደ ታች የሚያዘነብልበት ማዕዘን) እና ዲክሊኔሽን በተሠራው ፋክተር ታካፍላላችሁ፣ በምትፈልጉት ኮምፖነንት ፋክተር ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ትመልሱታላችሁ። ሁለቱን ማዕዘኖች ዳሰሳው ለተደረገበት ቀን ከአይጂአርኤፍ (ከዓለም አቀፉ የምድር ማግኔት መስክ ሞዴል) ውሰዱ። ድንጋዩ ወዴት እንደተመገነተ ማወቅ አያስፈልግም፤ ወደ ዋልታ መመለስ የሚባለው፣ ካርታውን ማግኔታዊ ዋልታ ላይ የተለካ የሚያስመስለው ማጣሪያ ግን ይህን የግድ ይፈልጋል።

ጣጣው ያለው ማግኔታዊ ወገብ አጠገብ ነው። እዚያ ማካፈያው በማግኔታዊ ሰሜን-ደቡብ ለተዘረጉ ቅርጾች ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ኖይዙም (የመለኪያው ጫጫታ) ይነፋና ካርታውን በረጃጅም መስመሮች ይሞላዋል። ወደ ዋልታ መመለስ በዚህ ዓይነት ፋክተር ሁለት ጊዜ ስለሚያካፍል ይብሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ኬክሮስ እኔ የምመርጠው ኮምፖነንት መቀየሩን ነው፣ እሱንም ማካፈያው በጣም እንዳያንስ ገደብ አበጅቼለት።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት መልሱን የምታውቁትን የአንድ ሉል መስክ በራሳችሁ ማዕዘኖች፣ በራሳችሁ የዳሰሳ መስመሮች ርቀትና ኖይዝ አስሉና በዚያው ማጣሪያ አሳልፉት። እነዚያ ረጃጅም መስመሮች እዚያም ከታዩ፣ በእውነተኛው ካርታ ላይ ያሉትን ስንጥቅ ብላችሁ አትተርጉሟቸው።