ለአምስት ኪሎ ሜትር ሞተር ማስነሳት

መኪናን የሚጎዳው ረጅም መንገድ ይመስለናል፤ አጭሩ ይብሳል። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ቢሮ ደርሶ የሚጠፋ መኪና ነዳጅ ከልኩ በላይ ይጠጣል። ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ተንኖ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ባትሪውም ለማስነሻ ያወጣውን ሳይተካ ይቆማል። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የምትበላ ትንሽ መኪና በቀን 10 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ብትሄድ፣ በ22 የሥራ ቀን 20 ሊትር ያህል ትጨርሳለች። በዛሬው ዋጋ አባዙት፤ ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያልፈውንም ሰዓት ቁጠሩት። ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ያንኑ 5 ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ ያደርሳል፤ መንገዱ ቢዘጋጋም ብዙ አይዘገይም።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፣ እዚያ ስለ ብስክሌት ክርክር የለም። አዲስ አበባ ግን ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ የምትወርድ ከተማ ናት። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ መውረድ ቀላል ነው፤ ማታ መመለሱ ሌላ ጉዳይ። ቢሆንም «ሞክሬው ደከመኝ» ብለው ከተዉት ብዙዎቹን ያደከማቸው ዳገቱ ሳይሆን ኮርቻውና ጎማው ነው።

ኮርቻውን እግራችን መሬት እንዲነካ ብለን ዝቅ እናደርገዋለን። ያኔ ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ፊት ለፊቱ ያማል፣ ጭን ቶሎ ይዝላል። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፤ አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ የምትረግጡት በጣቶቻችሁ ሥር ባለው የእግር ክፍል ስለሆነ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ይቀራል፤ ትክክለኛው ቁመት ይህ ነው። ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ አብዝታችኋል። ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ላይ የከፍታ ወሰን ምልክት አለ፤ ምልክቱ ብቅ ካለ ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ቱቦው ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር ይችላል። መብራት ላይ ስትቆሙ ከኮርቻው ወርዳችሁ ቁሙ፤ ተቀምጦ መሬት መርገጥ ግድ አይደለም።

ጎማው ጎን ላይ የአየሩ ልክ ተጽፏል። የተለመደው ወፍራም የብስክሌት ጎማ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ የቤት መኪና ግን 32 አካባቢ ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ይህን ንገሩት፤ ደግሞም በትንሽ በትንሹ ይስጠው፣ የብስክሌት ጎማ ጠባብ ስለሆነ በኮምፕረሰር ዓይን ጨፍኖ እስኪከፈት ይፈነዳል። ያልተበሳ ጎማም ቀስ እያለ ይተነፍሳልና በሳምንት አንዴ ፈትሹት።

ከተበሳ ቀዳዳውን አንብቡት። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ እሾህ አትፈልጉ፤ አየር አንሶት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ቆንጥጦታል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የወጋው ሽቦ ወይም እሾህ ውጪው ጎማ ላይ ተሰክቶ ሊሆን ይችላልና ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት፤ ሳታወጡት ከመለሳችሁ ነገ እዚያው ናችሁ። መለጠፊያው የሚላቀቀው ብዙ ጊዜ በችኮላ ነው፦ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 5 ደቂቃ ያህል ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፋችሁ ተጫኑት።

ካቴናው ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ማፍሰስ ልማድ ሆኗል፤ መጥፎ ልማድ ነው። ከበጋው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ ይበላል። መጀመሪያ በጨርቅ ጠርጉት፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ትንሽ አቆይታችሁ የውጪውን መልሳችሁ ጥረጉ። አዲስ ካቴና 24 መገጣጠሚያው ሲለካ 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 30.8 ከደረሰ አልፎበታል፤ ካልቀየራችሁት ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሁለቱንም ያዙ፤ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው፤ ቀስ እያላችሁ አጥብቁት እንጂ በአንዴ አትጨብጡት። ክረምት ላይ ቸርኬው ሲረጥብ ቸርኬውን የሚይዘው የላስቲክ ፍሬን ወዲያው አይዝም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ያለው ቦይ ሊጠፋ ሲል ለውጡት። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ከሰኔ በፊት አስገጥሙ፤ የኋላው ጎማ የአዲስ አበባን ጭቃ ቀጥታ ጀርባችሁ ላይ ነው የሚረጨው።