የእኛ ሰኔ፣ የእነርሱ ኅዳር

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ዳርቻ በሚገኘው የእናቴ ግቢ ተቀምጬ ነው። ወሩ መስከረም ነው፤ ከአጥሩ ሥር ማንም ያልዘራት አደይ አበባ ፈክታለች። እናቴ ስልኬን ተቀብላ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ከተማ ያለውን የደጃፌን ፎቶግራፍ እያገላበጠች ታያለች። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ አበባ የካሊፎርኒያ ፖፒ ነው፤ እርሷ ግን «የእናንተ አደይ» ብላ ነው የምትጠራው። ይህን አበባ ከዘር አብቅዬ ለማየት የበቃሁት ሁለት ጊዜ ከከሸፈብኝ በኋላ ሲሆን፣ መንገዱን ያሳየችኝም ካሊፎርኒያን አንድ ቀን እንኳ ያላየችው እናቴ ናት።

ነገሩ የጀመረው በድርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 የካሊፎርኒያ አስተዳዳሪ ጄሪ ብራውን በግዛቱ የከተማ ውኃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዙ። እኛም ሣሩን ማጠጣት አቆምን፤ ብዙም ሳይቆይ ደርቆ ገለባ መሰለ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት፣ በየመንገዱ ዳር ሳይጠጣ የሚያብበውን፣ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቲቱ ኦፊሴላዊ አበባ የሆነውን ፖፒ እንድዘራ መከሩኝ። ዘሩን በዚያው ሳምንት ገዛሁ። ከጤፍ ከፍ ያለ፣ የጎመን ዘር የሚያህል ድብልብል ፍሬ ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ «ይህ ዕፅ የሚሠራበት አይደለም ወይ?» ብላ ደንግጣ ጠይቃኝ ነበር። አይደለም፤ ኦፒየም ከሚወጣበት ፖፒ ጋር በቤተሰብ ቢዛመድም ሌላ ተክል ነው፤ ኦፒየምም የለበትም።

የዘራሁት ግንቦት ሲያልቅ ነበር። ያደግሁት ሰኔ ሲቃረብ መሬት በሚለሰልስበት፣ ዝናቡ ሲገባ ገብስ በሚዘራበት አገር ስለሆነ፣ ሌላ ወር ወደ አእምሮዬ አልመጣም። የሳክራሜንቶ በጋ ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ይህ ዘር ለመብቀል ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይፈልጋል፤ እኔ የሰጠሁት ግን የጋለ አፈር ነበር። የበቀሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱንም ፀሐይ ጠበሳቸው። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ ተጠንቅቄ በወረቀት ኩባያዎች ችግኝ አፍልቼ፣ በመስኮት ሥር አሳድጌ፣ መጋቢት ላይ ወደ ደጅ አዛወርኳቸው። ችግኞቹ በዚያው ቀን አንገታቸውን ደፉ፤ ከሳምንት በኋላ ሁለት ብቻ ቀሩ። ፖፒ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ አንድ ዋና ሥር ስላለው፣ ያ ሥር ከተነካ በቀላሉ አያገግምም። ድርቅን የሚቋቋመውም በዚሁ ሥር ነው፤ እኔ ደግሞ የነካሁበት እርሱን ነበር።

ያን ጊዜ አረጋውያንን በሌሊት ተራ እየተንከባከብሁ እሠራ ስለነበር፣ ለእናቴ የምደውለው ጠዋት ከሥራ ስወጣ ነበር፤ በእርሷ ዘንድ ይመሻል። ስለ አበባው በነገርኳት ጊዜ ጥቂት ዝም ብላ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ እዚያ አገር ዝናቡ የሚገባው መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው በበጋ የምትዘሪው? የእናንተ ሰኔ ኅዳር ነው እኮ!»

በዚያ አገር ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ጃንጥላ ይዤ ወደ ሥራ ስመላለስ፣ በሐምሌ ደግሞ አንድ ጠብታ ሳላይ ወሩ ሲያልፍ ኖሬያለሁ። ሆኖም ኅዳር ለእኔ የአጨዳና የውርጭ ወር ነበር፤ የዘር ወር ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ በአገር ቤት ቆሻሻው በየደጁ ተጠርጎ በሚቃጠልበት በኅዳር ሲታጠን ዕለት፣ እኔም የሞተውን ሣር ነቅዬ ደጄን ጠረግሁ። ቆሻሻ ማቃጠል ስለማይፈቀድ ግን አላቃጠልሁም። መሬቱን ሬክ በሚባለው ባለ ጥርስ መሣሪያ ጫር ጫር አድርጌ፣ ዘሩ ባንድ ቦታ እንዳይከመር በደረቅ አሸዋ ለውሼ በተንኩት። የምንጃር ልጅ የሆነችው እናቴ «አፈር አታልብሺው፣ እንደ ጤፍ መሬት ርገጪው» ብላኝ ስለነበር፣ ከላይ ሳላለብሰው ሰሌዳ ዘርግቼ በእግሬ ተጫንኩት። በምንጃር የጤፍ እርሻ በከብት የሚረገጠው፣ ደቃቁ ዘር ከአፈር ጋር እንዲጣበቅ ነው። ማዳበሪያ አልጨመርሁም፤ ማዳበሪያ የጠገበ ፖፒ ቅጠሉ ይበዛል እንጂ አበባው ያንሳል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ መሬቱ አረንጓዴ ሆነ። ተንበርክኬ ሳየው እያንዳንዱ ቡቃያ ሁለት ቅጠል ይዟል፤ ሁለቱም ቅጠሎች እንደ ባላ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። ይህ ምልክት ቡቃያውን ከአረም ስለሚለይልኝ ያለ ፍርሃት አረምሁት። ከዚያም በመካከላቸው አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀር ድረስ አሳሳኋቸው። ያበቀልኩትን መንቀል አንጀቴን በላው፤ ነገር ግን የታፈነ ፖፒ ይቀጭጫል።

መጋቢት ሲገባ አበበ። እንቡጡ የሾለ አረንጓዴ ቆብ ደፍቶ ይቆማል፤ ፀሐይ ስትሞቀው አራቱ የአበባ ቅጠሎች ተጠቅልለው እንዳሉ ቆቡን ከሥር ወደ ላይ ገፍተው ይጥሉታል። ሲመሽ አበባው መልሶ ይታጠፋል፤ በደመናማ ቀንም አይከፈትም። እኔ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ገና ተከድኖ አገኘዋለሁ፤ ቁርሴን በልቼ ስወጣ ይገለጣል። ለማየት ስል ብዙ ጠዋት እንቅልፌን አዘግይቻለሁ።

ግንቦት ላይ ረጃጅሞቹ የዘር ቋቶች ቡናማ እየሆኑ ደረቁ። በእኩለ ቀን ፀሐይ እንደ ደረቀ አተር እየፈነዱ ዘሩን ስለሚረጩት፣ ጠዋት ጠዋት ለቅሜ በወረቀት ከረጢት አኖርኋቸው። ያመለጠኝ ዘር ደግሞ በቀጣዩ ኅዳር ራሱ በቀለ፤ በጋውን ሙሉ አንድ ባልዲ ውኃ አልጠየቀኝም።

እናቴ ከዚህ ዘር እንዳመጣላት ለምናኛለች፤ አላመጣሁም። ዘር ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ሕግን መተላለፍ ነው፤ ከዚያም በላይ ይህ አበባ በቺሊ ከጓሮ አምልጦ አገሩን የወረረ ነው። መንዞች ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቁት የጓሳ ሣር ምድር በዚሁ በሰሜን ሸዋ ይገኛል። ከእኔ ከረጢት የወጣ ዘር በነፋስ ይሁን በጫማ ወደዚያ ደጋ እንዲደርስ አልፈልግም። እናቴ ምክንያቱን ሰምታ «ደግ አደረግሽ፤ እኛ አደይ አለችን» አለችኝ።

በምትኩ እርሷ ስጦታ ሰጠችኝ። ዘሩን ከገለባው ለመለየት በእጄ እንደምቸገር ነግሬያት ነበርና፣ የራሷን የጤፍ ወንፊት ከግድግዳው አውርዳ «ጥቅምት ሳያልቅ ግቢ፤ ዝናባችሁ እንዳይቀድምሽ» አለችኝ። ፍተሻ ላይ አንድ ፍሬ እንኳ ቢገኝበት እንደማያሳልፉት ብነግራት፣ ወንፊቱን ከበሩ መቃን ጋር ደጋግማ አራገፈችው፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ አንሥታ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ጤፍ እንዳለ በአንድ ዓይኗ ትመለከት ጀመር።