አላገጥንብዎ ብዬ ያመሰገንኳቸው እንግዳ

መሥሪያ ቤታችን አንዲት እንግሊዛዊት እንግዳ ተቀብሎ ሸኘ። የምስጋናው ደብዳቤ እኔ ላይ ወደቀ። ቀን፣ አድራሻ፣ ሰላምታ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ጉድ የሠራችኝ አንዲት ቃል ናት።

ሴትየዋ ቡና ላይ አማርኛ ሞክረው፣ ጢሙን ያንዠረገገውን አለቃችንን «እንደምን አደርሽ?» አሉት። በነጠላችን ጫፍ አፋችንን ሸፍነን ሳቅን። እሳቸውም አብረውን ሳቁ። ይህቺን ትዝታ ደብዳቤው ውስጥ ላስገባ አልኩ። ግን «ላፍ» (መሳቅ) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። «ቃል አትደጋግሙ» ይሉን የነበሩት የእንግሊዝኛ አስተማሪ መጡብኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ስኒገር፦ ድምፅን አፍኖ መሳቅ። አገኘሁ! አማርኛዎ ትዝ ባለን ቁጥር ስኒገር እናደርጋለን ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሳያነብ ፈረመ።

መልሱ አንድ መስመር ነበር። «አማርኛዬ መሳለቂያ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

አለቃዬ ጠራኝ። «ማነው ይህን የጻፈው?» ፊርማው የማን እንደሆነ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያን ማታ እንቅልፍ የለም፤ ቃል ሳገላብጥ አደርኩ። ስኒገር አፍኖ መሳቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን በሰው ላይ ነው። ማላገጥ በሉት። አሜሪካኖቹ ስኒከር ይሉታል። (ቸኮሌቱ ስኒከርስ ግን ከሳቅ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙ የአምራቾቹ የማርስ ቤተሰብ ፈረስ ስም ነው።) እኔ የፈለግኩት ቸክል ነበር፤ ደስ ብሎት ለራሱ ዝግ ብሎ የሚስቅ ሰው ሳቅ። ሥሩ «ቸክ» የዶሮ ድምፅ ነው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ቸክል ጮክ ብሎ መሳቅ ነበር። ጊግልና ቲተር የሚባሉት የሳቅ ቃላት እንደኛ «ኪኪኪ» ከድምፁ የተቀዱ ናቸው። ቾርትል የሚባለውን ሳቅ ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1871 ፈጠረው፤ ቸክልን በአፍንጫ ከሚወጣ ፉርታ ጋር አዳቅሎ።

አስተማሪዬ ይቅር ይበሉኝና፣ ቃል ድገሙ! «ላፍ» አምስት ጊዜ ቢጻፍ የሚቀየም የለም። መዝገበ ቃላትም ሳቁ ምን እንደሚመስል እንጂ በማን ላይ እንደሚሳቅ ሁሌ አይነግርም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ «አብረንዎት ሳቅን» ብዬ በራሴ ስም ላክሁ። መልስ መጣ። ከታች በኩል፣ በተንጋደደ ፊደል፦ «አለቃሽን እንደምን ነሽ በይልኝ።»

ሰላምታውን አላደረስኩም።