ሰማያዊው ሽንት
ከሽንት ኤሌክትሪክ ለማግኘት እየሞከርኩ ነው። በአራተኛው ቀን የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ ቴስተሩ፣ 0.4 ቮልት ሲያሳየኝ ብቻዬን ጮህኩ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሽንት፣ ከሰልና ትንሽ የፍሳሽ ጭቃ ነው። ስለ ሽታው አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂዮባክተርን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ሲያፈርሱ የሚተርፋቸውን ኤሌክትሮን ከሰውነታቸው ውጪ ላለ ነገር ያስረክባሉ። አየር የማያገኘው ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ)፣ አኖድ የሚባለው ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ አየር የሚያገኘው ሌላው ኤሌክትሮድ፣ ካቶድ ላይ ኦክስጅን ይቀበለዋል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፖተር የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሪስቶል ያሉ ተመራማሪዎች በሽንት ሞባይል ቻርጅ አድርገዋል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ኤሌክትሮዱ ነው። ፕላቲነም ካቶድ ላይ ጎበዝ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ በዚያ ላይ ከፍሳሽ የሚወጣው ሰልፋይድ ያበላሸዋል። የካርበን ጨርቅም አብዛኛው መነሻው ነዳጅ ዘይት ነው። ቆሻሻ ላስወግድ ብዬ ነዳጅ ዘይት ልግዛ? ስለዚህ ከሰል።

ከሰል ሁሉ ግን ከሰል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮቼ ኤሌክትሪክ ጭራሽ አያሳልፉም ነበር። እንጨት በዝቅተኛ ሙቀት ሲከስል ይጠቁራል እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አየር በማይገባበት ምድጃ 900 ዲግሪ ሳደርሰው ሌላ ነገር ሆነ። ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ስባሪ ይቃጨላል። ጆሮዬ ከቴስተሩ ቀድሞ ይለየዋል ብል ማጋነን አይደለም።

ስለ ከሰሉ ቀዳዳም የተሳሳትኩት ነገር አለ። «የቀዳዳ ብዛት» የሚለው ቁጥር አጓጉቶኝ ነበር። ባክቴሪያ ግን አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የናኖሜትር ቀዳዳ ውስጥ እንዴት ይግባ? አኖዱ ላይ የሚጠቅመው እንጨቱ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልስበት ሰፊ ቱቦ ነው። ጥቃቅኖቹ ለካቶዱ ይሁኑ።

ወደ 0.4 ቮልቱ ልመለስ። በሰባተኛው ቀን ከሰሉ የታሰረበት የመዳብ ሽቦ ዙሪያ ሽንቱ ሰማያዊ ሆነ። ያምራል፣ እውነት ለመናገር። ሽንት ሲቆይ ዩሪያው አሞኒያ ይሆናል፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 9 ይጠጋል። አሞኒያና አየር ሲተባበሩ መዳብ ይበላሉ። ጠረጠርኩ። ከሰሉን አውጥቼ ባዶ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነከርኩ። 0.38። የጮህኩላቸው ባክቴሪያዎች ገና ሥራ አልጀመሩም፤ ኤሌክትሪኩን የሰጠኝ እየተበላ ያለው ሽቦዬ ነው።

ከሰሉን በስቴንለስ ስቲል ሽቦ አስሬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ጠርሙሱን በ1000 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን በሚገታ ዕቃ) እያሠራሁ ነው የምለካው፤ ሳይሠራ የሚታይ ቮልት አያታልለኝም። ዘጠኝ ቀን ምንም የለም። ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ፤ ትናንት 0.21 ደረሰ። ሲሰላ ከ0.05 ሚሊዋት በታች ነው፣ አምፖል አያበራም። ግን ሽንቱ ሲያረጅ ይወርዳል፣ አዲስ ሳፈስለት ይወጣል። መዳብ እንዲህ አይርበውም።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ቀርቷል። ካቶዱ ላይ የከሰሉን ዱቄት ያያያዝኩት በማይበሰብሰው ፕላስቲክ፣ በቴፍሎን ነው። አኖዱን ነገ ፈጭቼ አፈር ላይ ብበትነው ግድ የለኝም፤ ካቶዱን ግን የት እንደምጥለው አላውቅም።