ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ፒንሳ

ስልክ፣ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ መልቲቱል። ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ መኖራቸውን የማረጋግጠው እነዚህን ነው። መልቲቱል ያልኩት ያ ተጣጥፎ መዳፍ ውስጥ የሚገባው፣ ሲዘረጋ ፒንሳ የሚሆነው፣ እጀታዎቹ ውስጥ ደግሞ ሰንጢ፣ ካቻቢቴ፣ ሞረድ፣ መቀስ፣ ወስፌና ቆርቆሮ መክፈቻ የተሸጎጡበት መሣሪያ ነው። "ሴት ልጅ ፒንሳ ይዛ ምን ትሠራበታለች?" የሚሉኝ አሉ። ሐዋሳ ውስጥ ለሚኖር፣ በባጃጅና በብስክሌት ለሚመላለስ፣ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ሁሌ አንድ የላላ ነገር ለማያጣው ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ዕቃ ብዙ አላውቅም።

ቤቱ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ያለው ሰው "ለእኔ ምን ያደርግልኛል" ይላል። እውነቱን ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካቻቢቴ ከእኔው ይሻላል። ይረዝማል፣ ለእጅም ይመቻል። ፒንሳውም ጉልበት አለው። ግን ብሎን የሚላላው ሳጥኑ አጠገብ ስንሆን ጠብቆ አይደለም። ታቦር ስር ይላላል፣ መናኸሪያ ይላላል፣ ቢሮ ይላላል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተቀመጥንበት ወንበር ላይ ይላላል። ያኔ ሳጥኑ ቤት አለ ማለት የለም ማለት ነው። የላላውም ነገር "ነገ አሠራዋለሁ" ተብሎ በገመድ ይታሰርና እዚያው ይከርማል።

ክረምት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከፒያሳ ወደ አቶቴ በባጃጅ እየሄድኩ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። መሐል መንገድ ላይ ፍሪሲዮኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ እጀታውን ይጨምቃል፣ እጀታው ባዶውን ይመላለሳል። ወርዶ ሞተሩ ጋ ጎንበስ ሲል ችግሩን ወዲያው አገኘው፤ የፍሪሲዮኑ ገመድ ከሚያስረው ትንሽ ብሎን ሾልኮ ወጥቷል። ቺያቬ አለው፣ የባጃጅ ሹፌር ያለ ቺያቬ አይንቀሳቀስም። ያስቸገረው የገመዱ ጫፍ ነው። ቀጫጭን ሽቦዎቹ ተበታትነዋል፣ ግራሶ ጠጥተዋል፣ በጣት ሲይዟቸው ሙልጭ ሙልጭ ይላሉ። ብሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ ገመዱ ተወጥሮ መያዝ አለበት። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች "ኧረ ሌላ እንያዝ" ማለት ጀምረዋል።

መልቲቱሉን አውጥቼ ዘረጋሁለት። "እህቴ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለና ተቀበለኝ። አፉ ቀጭን ስለሆነ ጣት የማይደርስበት ቦታ ገባለት። መጀመሪያ የተበታተኑትን ሽቦዎች ጠምዝዞ አንድ አደረጋቸው። ከዚያ ጫፉን በብሎኑ ቀዳዳ አሾለከው። ከዚያ እኔ በፒንሳው ጫፉን ይዤ ወጥሬ ስስብ እሱ በቺያቬው አጠበቀው። እጀታውን ሁለት ሦስቴ ጨመቀ፣ ያዘ። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት "ተመስገን፣ ተባረኪ ልጄ" አሉኝ። ሹፌሩ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረ፣ ግድ ብዬ ከፈልኩት። ገመዱን ዛሬውኑ ጋራዥ አስቀይረው ስለው "እሱማ ግድ ነው" አለኝ። እኔም የምወደው ይሄንን ነው፤ መሣሪያው የመካኒኩን ሥራ አልሠራም፣ ባጃጁን በራሱ ጎማ መካኒኩ ጋ አደረሰው።

ከሁሉም ቁም ነገሩ ፒንሳው ነው ብዬ አምናለሁ። ሰንጢ ላይ ሌላ ነገር መጨመር የቆየ ሐሳብ ነው። የስዊዘርላንድ ጦር በ1891 እ.ኤ.አ. ለወታደሮቹ ያደለው ሰንጢ ከስለቱ ሌላ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው። ካቻቢቴው ጠመንጃ ለመፍታት ነበር። ፒንሳ ግን የለውም። በ1975 ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት 600 ረዥም ጉዞ ወጣ። መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሻለች፣ የሚያድሩበት ርካሽ ሆቴል ቧንቧው ያፈሳል፣ የእሱ ኪስ ውስጥ ያለው ሰንጢ ብቻ ነው። ኪስ የሚገባ፣ ፒንሳ ያለው ነገር መሥራት አለብኝ ብሎ አገሩ ተመለሰና ዓመታት ፈጀበት፤ ለገበያ የበቃው በ1983 ነው። ፊያት 600ን የእኛም አባቶች አሳምረው ያውቋታል፣ ለዚህ ይመስለኛል ይሄን ታሪክ ስሰማ የሰውየው ጭንቀት ቶሎ የሚገባኝ። ቀጭን የሆነ፣ የጋለ፣ ቅባት የነካው ወይም ጠባብ ቦታ የገባ ነገር በጣት አይያዝም። ስለት ከጎረቤትም ይገኛል፣ ፒንሳ ግን በተፈለገበት ሰዓት ማን እጅ ላይ አለ?

ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ዚፕ አለ። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ዚፕ ሲጎተት ይሄዳል፣ ጥርሶቹ ግን ከኋላ ተከፍተው ይቀራሉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዚፑን ሙሉ በሙሉ ያስቀይራል፣ አለዚያም ቦርሳውን ይጥላል። ጥርሶቹ ካልረገፉ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚንሸራተተው ብረት ጋ ነው፤ በአገልግሎት ብዛት አፉ ይሰፋና ጥርሶቹን ማጋጠም ያቅተዋል። ብረቱን ወደ መነሻው መልሱት። ከዚያ የኋላ ጠርዙን፣ መጀመሪያ በግራ ከዚያ በቀኝ፣ በፒንሳው ጫፍ ለስለስ አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉት። ጎትታችሁ ሞክሩ። አሁንም ከተከፈተ ትንሽ ጨምሩ። አንዴ ኃይል ከበዛበት ብረቱ ይሰበራል ወይም አልንቀሳቀስም ይላል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ልጅቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና "አሁን የጓደኛዬንም አመጣልሻለሁ" አለች፤ አመጣችም።

የድስት ክዳን እጀታ፣ የብስክሌት ፍሬን፣ የጫማ ሶል ውስጥ ብቅ ብሎ እግር የሚወጋ ሚስማር፣ ይሄ ሁሉ የደቂቃ ሥራ ነው። የብስክሌት ጎማ ላይ የተሰካ የግራር እሾህ ግን ፒንሳ አለኝ ብላችሁ መንገድ ላይ አትንቀሉ። እሾሁ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይዞታል፣ ሲነቀል ነው አየሩ የሚወጣው። ነፋሱ በደንብ እስካለ ድረስ ቀስ ብላችሁ ጎሚስታ ጋ ድረሱና እዚያ ይነቀል።

ስለ መብራት ደግሞ አጥብቄ የምለው አለኝ። የላላ ሶኬት ሲያዩ ካቻቢቴውን መዝዘው የሚጠጉ ሰዎች አሉ። የመልቲቱል እጀታ ራቁቱን ብረት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ የሚለብሰው ፕላስቲክ የለውም፣ ቤታችን የሚገባው ደግሞ 220 ቮልት ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ጠቅ ማድረግ አይበቃም፣ ከዋናው ማጥፋት ነው። "መብራት ሄዷል፣ አሁን ልሥራው" ማለትም አያዋጣም፤ እጃችሁ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። ያልገባችሁን ነገር ለባለሙያ ተዉት፣ ለእሱም እንጀራው ነው።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ልትበልቱበትም አታስቡ። እዚያ ያሉት ልጆች በቀጭኗ ቢላቸው ቆሮሶን እንዴት እንደሚገፉት ቆማችሁ እዩ፣ የእኛዋ አጭር ስለት ለዚያ አልተሠራችም። ደግሞም ትናንት የባጃጅ ግራሶ ውስጥ የገባ መሣሪያ ዛሬ ምግብ መንካት የለበትም።

ስለት ስላለው ፍተሻ ላይ መያዙ አይቀርም። እኔ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስደርስ ፈታሿ ቦርሳዬን ሳትከፍተው ራሴ አውጥቼ አስረክባለሁ፣ ስወጣ እቀበላለሁ። እንዲህ ሲሆን ማንም አይደነግጥም። ለፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ስሄድ፣ ለገብርኤል ንግሥም፣ ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ሁሉ ቤት ትቼው ነው የምወጣው። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በእጅ ቦርሳ አያልፍም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው የመሣሪያውን ብዛት አይቁጠር። ሃያ ነገር አለው ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አንዱም በቅጡ አይሠራም። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ፒንሳውን ግጠሙና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ቀጭን ሽቦ አይዝም፣ መልሱለት። እጀታዎቹን ግራ ቀኝ ነቅነቅ አድርጉ፣ መገጣጠሚያው ከተወላገደ ከአሁኑ ነው የላላው። ሰንጢው ሲዘረጋ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት፣ ሳይቆለፍ የሚታጠፍ ስለት ጣት ላይ ይመጣል። የካቻቢቴው ጫፍ የተዶለዶመ ከሆነ ብሎን ከመፍታት ይልቅ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

የማይዝግ ብረት ቢባልም ረስተውት እርጥብ ከከረመ ይዝጋል። በተለይ ሐይቁ ዳር አሸዋ ከገባበት ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ዘርግቶ፣ በደንብ አድርቆ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ እየዋለ ሲያድር ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ስለቱ ሲደነዝዝ በሚሽከረከር ድንጋይ ለሚስሉት አትስጡት፤ ትንሽ ስለት ቶሎ ይግልና ጥንካሬው ይጠፋል። የመሳያ ድንጋይ ውኃ አርሳችሁ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ሳሉት።